የአንድ መቃብር ዋጋ

ኾጀሊ አካፋ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ከጠዋት ወዲህ ሦስተኛው መቃብር ነው፤ ይኼኛው አጭር ነው፣ የልጅ ነው። ከጦርነቱ በፊት ግንበኛ ነበር። አሁን ኡምዱርማን ውስጥ የሰፈሩን ሬሳ ከሓጅ ባቢክር ጋር ይቀብራል። ነፊር ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያወጣው ጉልበት፣ ገንዘብ የማይነካው።

ሰልማ ወረቀቷን ይዛ አፋፉ ላይ ቆማለች። የሬሳ መጠቅለያ ከፈን የሚልክላቸው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ናት።

"ወንድሜ ኾጀሊ፣ አንዱን ለመቆፈር ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?"

"አፈሩን ጠይቂው።"

"ቀልዱን ተው። ቅጥረኛ ቢሆን ስንት ያስከፍል ነበር? የጉልበታችሁን ዋጋ እዚህ ካልሞላሁ አለቆቼ 'እዚያ ሥራ የለም' ብለው ከፈኑን ለሌላ ሰፈር ይሰጡታል። ወረቀቱን የምልከው ዛሬ ነው።"

ኾጀሊ በግድግዳው ጥላ ሥር ወደተጋደመችው ልጅ አመለከተ። "በምን እንደጠቀለልናት አየሽ? የመስኮት መጋረጃ ነው። አበባ ያለበት።"

ሓጅ ባቢክር ዶማቸውን ጣሉ። "አንቺ ልጅ፣ ዋጋው ዱዓ ነው ብለሽ ጻፊ!"

"ሓጅ፣ ወረቀቱ ላይ የዱዓ ቦታ የለውም።"

"እንግዲያው ወረቀትሽ ጎዶሎ ነው።" ወደ ኾጀሊ ዞሩ። "ዋጋ የጠራ ቅጥረኛ ነው። ውሃ ሻጩን ሙሳን እንዳትረሳ።"

ኾጀሊ አልረሳም። ሙሳ አምና ለአንድ መቃብር ገንዘብ ተቀበለ ተብሎ ከነፊሩ ወጣ። ሚስቱ ስትሞት አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም፤ ብቻውን ቆፍሮ ብቻውን ቀበራት። የኾጀሊ እናት ደግሞ ኩላሊቷ ደክሞ አልጋ ይዛለች፤ መድኃኒቷ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው። እንደማትከርም ያውቃል። ብቻውን ጉድጓድ ሲያወርዳት ታየውና ፈራ።

መጋረጃውን እንደገና አየ።

"ሃያ ሺህ ፓውንድ ብለሽ ጻፊ" አለ። "ለአንድ መቃብር።"

"የሁለታችሁንም ስም ላስገባ?"

"የእኔን ብቻ። ሓጅ ዋጋ አልጠሩም።"

እጁን በጀለቢያው ጠርጎ ፈረመ። ሰልማ ምስጋና ቢጤ አጉረምርማ ሄደች።

ሓጅ ባቢክር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለው ነበር። ጎንበስ ብለው አካፋውን ከእጁ ወሰዱ። አካፋው የነፊሩ ነው። ከዚያ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ።

ጉድጓዱ ገና አንድ ክንድ ይቀረዋል። ኾጀሊ ተንበረከከና አፈሩን በእጁ መዛቅ ጀመረ።