ከኩሽናው ወለል ሥር

የቁም ሳጥኑ በር እርጥብ ነበር። ዶናታ ይህ ነገር ትዝ ያላት ውሉን ፈርማ፣ የውል አዋዋዩን ደረጃ ወርዳ፣ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ነው። ቤቱን ሊያዩ በሄዱበት ዕለት ያልነካችው ነገር አልነበረም። የግድግዳው ኖራ እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ የመስኮቱ እንጨት በድርቀት ተሰነጣጥቋል፣ ጣሪያው አንድም ቦታ አያፈስም። ኩሽናው ግድግዳ ውስጥ የተሠራው ቁም ሳጥን ብቻ አልከፈት ብሎ ነበር። የሻጩ ወንድም ልጅ አንዴ ጎተት አድርጎት፣ «እንጨቱ አብጦ ነው፤ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነበር» አለና ወደ ሌላው ክፍል አለፈ። እሷም ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ተከተለችው።

«ኮሲሞ፣» አለች ባሏን፤ «አሥራ አንድ ዓመት በተዘጋ ደረቅ ቤት ውስጥ እንጨት በምን ያብጣል?»

ኮሲሞ ሞተሩን አስነሳ። «በዕድሜ ነዋ። እኔስ አብጬ የለ?»

«አትቀልድ። የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ይሆናል። ወይ ከሥር ውሃ አለ። ቤቱ እየሰመጠ ይሆናል እኮ!»

«ፈርመናል እኮ፣ ዶናታዬ።»

«እሱን አይደል የምልህ? ፈርመናል!»

ከኮሲሞ እናት በውርስ የደረሳቸው ገንዘብ ሮካሳሊና በምትባለው የኮረብታ መንደር አሮጌ የድንጋይ ቤት ከመግዛት አያልፍም ነበር። አሥራ አራት ሺህ ዩሮ። በሚኖሩባት ከተማ በታራንቶ በዚያ ዋጋ መኪና ማቆሚያም አይገኝ። ከቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ከወይራው ዛፍ ሁሉ ማዶ፣ ባሕሩ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ዶናታ ያን ክር ባየች ቀን ለአፍታ ፍርሃቷን ረስታ ነበር። አሁን ግን ለዚያች አፍታ ራሷን ትወቅስ ጀመር።

በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃና ሦስት ጠርሙስ በረኪና ጭነው መጡ። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ኖኤሚ ደረጃውን እየቆጠረች ወጣች፣ እየቆጠረች ወረደች። ዶናታ ቀጥታ ወደ ኩሽናው ገባች። በአንድ እጇ ክዳኑን የከፈተችውን የበረኪና ጠርሙስ እንደያዘች፣ በሌላው ቢላዋ በበሩ ጠርዝ እያስገባች ፈለቀቀችው። ሻጋታ ነበር የጠበቀችው። በሩ በድንገት ተከፈተ።

መደርደሪያ የለውም። ብርጭቆም የለም። ድንጋይ ድንጋይ የሚል ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታት። የቢላዋውን እጅ እስከ ትከሻዋ አስገባች፤ የሚነካ ነገር አላገኘችም። ከጠርዙ አንዲት የልስን ፍርፋሪ ተነቅላ ወደቀች። ዶናታ ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ ከታች ድምፅ መጣ፤ ውሃ የወደቀበት ድምፅ አይመስልም፤ ሩቅ ቦታ አንድ ጊዜ የተመታ ደወል ይመስላል።

ገና ሳትጮኽ፣ ከፊት ለፊቷ፣ ከጉድጓዱ አፍ ማዶ፣ ሌላ ትንሽ በር ተከፈተና የአንዲት አሮጊት ፊት ብቅ አለ።

«መጣችሁ እንዴ? እሰይ!» አሉ አሮጊቷ። ወዲያው ዓይናቸው ጠበበ። «ያ በእጅሽ የያዝሽው ምንድነው?»

«በ... በረኪና።»

«አንዲት ጠብታ ብታንጠባጥቢ ዋ! ወደዚያ አርቂው! በሩንም ዝጊ፣ እኔም እዘጋለሁ! ሁለቱ በር አብሮ ሲከፈት ብርሃኑ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም?»

ዶናታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። እናቷ ያስተማረቻት ሁሉን ነገር በበረኪና ማጠብ ነበር።

አሮጊቷ በመንገድ ዞረው ጥቁር ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ገቡ። እማማ ኒኔታ ይባላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። የሁለቱም ጣሪያ ዝናብ በአሸንዳ ወርዶ ከሥር ወደተፈለፈለው ጉድጓድ እንደሚገባ፣ አፉ ከግድግዳው መሀል እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት በየበሩ በኩል ባልዲ ሰድዶ እንደሚቀዳ ነገሯቸው።

«ውሉ ላይ እኮ ምንም አልተጻፈም!» አለች ዶናታ።

«ለምን ይጻፋል? ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣስ ተጽፏል?»

ዶናታ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኩሽናዋ ወለል ሥር ጉድጓድ አለ፣ የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ኖኤሚን እጇን ይዛ አወጣችና ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻት። «ኩሽና እግርሽ እንዳይገባ! ሰማሽ? በሩንም እንዳታዪው!» ቀጥላም የጣሪያውን ልስን ሊያድስ ወደተቀጠረው ግንበኛ ወደ ቪቶ ደወለች። ጉድጓዱ ዛሬውኑ ካልተደፈነ ልጇን በዚህ ቤት አንድም ሌሊት አታሳድርም።

ቪቶ ከምሳ በኋላ የሲሚንቶ ማደባለቂያውን እየጎተተ መጣ። ባትሪውን ወደ ታች አበራና አፏጨ።

«እሞላዋለሁ፣» አለ። «የከፈለኝ ካለ ባሕሩንም እሞላለሁ። ግን ሥራውን የሚጨርሰው የልጅ ልጄ ነው።»

«ፍርስራሽ ጣልበት። አፉን ብቻ በሲሚንቶ ድፈነው።»

«አፉንማ ሳይመሽ እደፍነዋለሁ።»

ኮሲሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ ኒኔታስ? ውሃቸው እኮ ነው» አላት።

«ቧንቧ አለኝ፣» አሉ እማማ ኒኔታ፣ ጆሯቸው ገና አልደከመም። «በቧንቧው ልብስ አጥብበታለሁ። ሽምብራ ግን አልቀቅልበትም፤ እንደ ጠጠር ነው የሚቀረው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ድፈኚው ልጄ። እናት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ነገር ግን አይተሽው ድፈኚ። በየመስከረሙ ዝናብ ሳይመጣ ገብታ የምታጥበው ከሁለቱ ቤት አንዷ ሴት ናት፤ አንድ ዓመት ከዚህ፣ አንድ ዓመት ከዚያ። እስከ ሰማንያ ዓመቴ የእናንተንም ተራ እኔው ነኝ የሸፈንኩት። ከዚያ ጉልበቴ እምቢ አለ። ዘንድሮ ተራው የዚህ ቤት ነው።»

«እኔ እወርዳለሁ፣» አለ ኮሲሞ።

እማማ ኒኔታ ሆዱን አዩት። «አንተ ከወረድክማ ውሃው ኩሽና ድረስ ይመጣል።»

ቪቶ እየሳቀ ግድግዳውን ተደገፈ። ዶናታ አልሳቀችም። ኮሲሞ ቢወርድ የሚላትን ታውቀዋለች፤ «ምንም የለም» ነው የሚላት። ስለ መኪናው ፍሬንም፣ ስለ እናቱ ሳልም እንደዚያው ብሏል። ስንጥቅ ካለ ማየት የሚችል ዓይን ያላት እሷ ናት። ስንጥቁን አግኝታ ብትወጣ ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ አይከራከራትም።

«እኔ ነኝ የምወርደው፣» አለች።

እማማ ኒኔታ ሳፋ አመጡ፣ ኮምጣጤ በውሃ በጠበጡና መሬት ተቀመጡ። «እግርሽን ስጪኝ።» ዶናታ አፍራ እግሯን ሰበሰበች። «ስጪኝ እንጂ! የሚጠጣ ውሃ ውስጥ ነው የምትገቢው።» ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ በመሀል በመሀሉ አጠቧት። ከልጅነቷ ወዲህ እግሯን ያጠባት ሰው አልነበረም።

ቪቶ ለጣሪያው ሥራ ያመጣውን ረጅም መሰላል ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ኮሲሞ ወገቧን በገመድ አስሮ ጫፉን ክንዱ ላይ ጠመጠመ። ዶናታ በጠባቡ አፍ ትከሻዋን አጥብባ አለፈች፤ ድንጋዩ ሁለቱንም ጎኗን እየታከካት የመሰላሉን አራት እርከን ወረደች። በአምስተኛው ግድግዳው ጠፋ። ክርኗን ዘረጋች፤ ምንም የለም። ወረደች። የወረደችበት አፍ ብርሃን ከላይ እያነሰ እያነሰ የመሐረብ ያህል ሆነ። ውሃው የት እንዳለ ብትፈልግ አላየችም። ደረቅ ወለል የመሰላትን ስትረግጥ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ቀዘቀዛት። ውሃው ከጥራቱ የተነሳ እግሯ እስኪነካው ድረስ አልታየም ነበር።

ባትሪዋን አበራች።

ዙሪያው ሁሉ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነበር። ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ፣ እንደ ታላቅ ደወል። ቤቷ ከነደረጃው፣ ከነፎቁ፣ ምናልባት የእማማ ኒኔታም ቤት ተጨምሮ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከላይ ያሉት ክፍሎች ለዚህ የተደፋ ክዳን መሰሏት። ልስኑ ቀላ ያለ ነው፤ ልስኑ በሳሳበት የመሮው ምት ይታያል፤ እያንዳንዷ ምት ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ እልፍ ጊዜ እልፍ፣ ረድፍ በረድፍ። ማንም ሳያየው በጨለማ የሚቀር ሥራ ሆኖ፣ አንዲቷ ምት እንኳ ጠማማ አልነበረችም።

ዶናታ ስንጥቅ ፈለገች። የመጣችበት ጉዳይ ነውና ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በባትሪ ዳሰሰችው። ጎንበስ ብላ አየች፣ መሰላሉ ላይ ወጥታ አየች፣ በመዳፏ ዳበሰች። አንድም አላገኘችም።

«ዶናታ! ምን አለ?» የኮሲሞ ድምፅ ከላይ ሳይሆን ከዙሪያዋ ሁሉ መጣ። «ስንጥቅ አለ?»

«የለም፣» አለች ቀስ ብላ። ቃሏ አለቱን ዞሮ፣ ከወጣበት ይበልጥ ለስልሶ ተመለሰላት። ለሁሉም ነገር አስቀድሞ የከፋውን ቃል የምታዘጋጀው ሴት እዚያ ቆማ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

አንድ ለስላሳ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ታኮ አለፈ። ገመዱን ጨብጣ ደረቀች። ክንድ የሚያህል፣ እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ በባትሪው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ፣ አልቸኮለም፣ ወደ ጨለማው ገባ።

ማዶ በኩል ያለው ትንሽ በር ተከፈተ። ሁለተኛ ብርሃን ወርዶ ከመጀመሪያው ጋር ውሃው ላይ ተገናኘ። «ለዛሬ ብቻ ነው የምከፍተው፣» አሉ እማማ ኒኔታ ከላይ። «አየሽው? አትፍሪው። ትሉን እየለቀመ ውሃውን የሚያጠራው እሱ ነው። ባሌ ነው ከባሕሩ ዳርቻ አምጥቶ የከተተው።»

«መቼ?»

«በሞተበት ዓመት። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።»

ዶናታ ዓሣው ወደ ገባበት ጨለማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ፣ «መጥረጊያ ስደዱልኝ» አለች።

ከአንድ ሰዓት በላይ አጠበች። ደለሉን በባልዲ እየሞላች ላከች፤ ኮሲሞ እያላበው ጎተተ። ፀሐይዋ ከኩሽናው መስኮት ዝቅ ስትል የቪቶ ጭንቅላት በጉድጓዱ አፍ ታየ።

«እመቤቴ፣ እየመሸብኝ ነው! ሲሚንቶውን ላቡካ ወይስ ልሂድ?»

«አቡካ።»

ዶናታ መሰላሉን ይዛ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ ኖራ ተነስንሶ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጠች። ኮሲሞ ፎጣ ሲያለብሳት ወደ በሩ ጠቆመች።

«በሩ ላይ ቁልፍ ያለው የብረት መቀርቀሪያ ይተከል። በወፍራም ሲሚንቶ። እዚህ ጋ አይደለም፣ ከፍ አድርገው። ኖኤሚ ወንበር ላይ ብትቆም የማትደርስበት። ወንበሩ ላይ ሌላ ወንበር ብትደርብም የማትደርስበት።»

«ሦስተኛ ወንበር ብትደርብስ?» አለ ቪቶ።

«እንግዲያው ጨምርበት።»

ቪቶ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ኮሲሞ ፍራሹን ዘረጋ። ሲሚንቶው እስኪይዝ ዶናታ ከበሩ ፊት አልተነሳችም። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ከእማማ ኒኔታ የተሰጣትን ለውዝ ስትፈለፍል የዋለችው ኖኤሚ ኩሽናው ደፍ ላይ መጥታ ቆመች። እግሯን አላሳለፈችም።

ዶናታ አየቻት። ልትመልሳት እጇን አነሳች። ከዚያ ያንኑ እጅ ዘረጋች።

«ነይ።»

ተንበርክካ በአንድ ክንዷ የልጇን ወገብ ጭምቅ አድርጋ ያዘች፣ በሌላው እጇ የያዘችውን ባትሪ ለኖኤሚ ሰጠችና በሩን ከፈተች። እስከ አሥር ቆጥሬ እዘጋለሁ ብላ ለራሷ ወስና ነበር። ኖኤሚ አልጮኸችም፣ አልሳቀችምም። ብርሃኑን ይዛ ወደ ታች እያየች ትንፋሿን ዋጠች። ዶናታ በጉንጯ በኩል የልጇ ልብ ሲመታ ይሰማታል። አሥር ደረሰች። እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ከዚያ በሩን ዘጋች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች።

«ቆለፍሽ?» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ መጣ።

«ቆለፍኩ፣ እማማ ኒኔታ።»

ማዶም አንድ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።