ስሙ ያልተጠራ ሥራ

«ትለምደዋለች» ያለችው እናታቸው ነበረች፤ ወይም አክስታቸው። ፀዳል ይህን ያህል ዘመን አልፎ ድምፁን ለይታ አታስታውስም። እሷና እህቷ ልጆች ሳሉ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ትልልቆቹ ስለ ጎረቤት ሙሽራ ይንሾካሾኩ ነበር። ሙሽራዋ ከባሏ ቤት ሸሽታ መጥታለች፤ ታማ ይሁን ፈርታ ፀዳል በደንብ አልሰማችም። የሰማችው ታናሽ እህቷ ፅዮን ከጎኗ ሆና ጮክ ብላ የጠየቀችውን ነው። «ምኑን ነው የምትለምደው?»

ከመጋረጃው ወዲያ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ።

አሁን አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የፅዮን ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል። ፅዮን ቢሮዋ እንደተቀመጠች ልቧ ቆሞ ነው የተገኘችው። ቀብሩ ነገ ነው። ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ ከእድሩ በመጡ ታጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ሳሎን ናቸው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጣሰው ነገ ከፍትሐት በኋላ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ወደ ሳሎን መጥተዋል።

«‹በጤናው ዘርፍ ለረጅም ዓመታት አገልግላለች› ብለን እንለፈው» አሉ።

«ኖ!» አለች የፅዮን ልጅ ሊዲ። «ጋሼ፣ ማሚ እኮ ሳይኮሎጂስት ናት። ሪሰርች ያደረገችው ስለ ሴክሹዋል ሄልዝ ነው። እንደዛ በሉ!»

«በቤተ ክርስቲያን፣ ልጄ? ቄሱ መስቀል ይዘው ቆመው?»

«ታዲያ ምን ልትሉ ነው?»

«ዶክተር እንላታለን። የጥርስ ሐኪምም ዶክተር ነው፤ ማን ይጠይቃል?»

ሁለት ሴቶች ሳቅ አመለጣቸውና ቶሎ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሊዲ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ፀዱ፣ አንቺ ጨምረሽበት አንብቢው። ፕሊስ።»

ፅዮን ዶክትሬቷን ሠርታ የመጀመሪያ ጥናቷን ያወጣች ጊዜ «ገመናችንን ለፈረንጅ ሸጠች» ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ቆማ ታስቀድስና ሕዝቡ ሳይበተን ትወጣ ነበር። «ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» ብላ ፀዳልም ጠይቃት ታውቃለች። ፅዮን መኪና እየነዳች ሳቀች።

«እኔ የማጠናው ፍርሃትን እኮ ነው። ሴትዮዋ ባሏን ትወዳለች፤ ሲቀርባት ግን ሰውነቷ ይፈራና ይቆለፋል። ቻዪው ሲሏት ይብስባታል። በትዕግሥት ሲያክሟት ደግሞ ትድናለች። ይኸው ነው።»

ነገ አስከሬኗ ፊት አንዱ እያጉረመረመ ቢወጣስ? ቄሱ በቃ ቢሏትስ? ፀዳል ተነስታ ኩሽና ገባች። ደሊና ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች። ከባሏ ጋር በቅርቡ መጥታ አጠገብ ባለችው ግሌንዴል ከተማ የምትኖር ወጣት ናት፤ ፀዳል በመልክ ብቻ ነው የምታውቃት።

«እትዬ ፀዳል፣ በማርያም ይዤሻለሁ፤ ፅዮን ትሠራ የነበረውን አታንሱ።»

«ለምን?»

«እሷ ጋ እመላለስ ነበር።» ድምጿ ሊጠፋ ደረሰ። «ለባለቤቴ የስኳር ክትትል ነው ብዬዋለሁ። ያደርሰኝ የነበረውም እሱ ነው፤ ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን ጋራዥ ውስጥ ‹የሚስቴን ስኳር ያወረደችልኝ ሐኪም› እያለ ያለቅሳል። ነገ ሲነበብ ያውቃል። ‹ገመናዬን ስታወሪ ኖረሻል› ቢለኝስ?»

«ዳንሽ?»

ደሊና እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ሦስት ወር ሆኖኛል።»

«እሺ፣ አናነሳም» ማለት ብቻ ነበር ለፀዳል የቀረው። ምክንያቱ ተገኘ፤ ማንም ፈሪ አይላትም። ግን ነገ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሚቆሙት መካከል ዛሬም ዝም ብላ የምትሠቃይ እንዳለች ታሰባት።

«የማንም ስም አይጠራም፤ ያንቺም። ግን ሌላዋ ሕክምና እንዳለው ካልሰማች የት ትሄዳለች?»

«እፈራለሁ።»

«እኔስ? እዪው እስቲ።» ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። ከጣቶቿ እስከ ክንዷ ይንቀጠቀጣሉ። እስከዚያች ደቂቃ ለእህቷ ያላለቀሰችው ሁሉ ያኔ መጣ።

ደሊና ወደ ጋራዡ በር አየች። የባሏ ድምፅ ይሰማል።

«ከሰው አፍ ከሚሰማ ዛሬ መኪና ውስጥ እኔው እነግረዋለሁ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ የፀዳልን እጆች በእጆቿ መካከል አድርጋ ጫን ብላ ያዘቻቸው። «በዚህ እጅ ደግሞ ወረቀት አይያዝም። ነገ አጠገብሽ ቆሜ እኔ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ አንብቢ።»