ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

«ያ ሰውዬ ማነው?» አለ አርሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሟቿ የሉሴት እህት ጂኔት ባዶ ስኒዎቹን ከየወንበሩ ሥር እየለቀመች ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሰውየው ከአስከሬኑ እግርጌ ቆሟል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ዝናብ ያራሰውን ባርኔጣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ያለቅሳል። እኛ መንደር ወንድ ልጅ ለቅሶ ቤት ሲገባ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ የባልየውን እጅ ይጨብጣል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ አረቄ ጠብ ያለበት ቡናውን ይጠጣል እንጂ እንዲህ ትከሻው እስኪነቃነቅ አያለቅስም። ባልየው አርሴን ራሱ ሉሴት ከሞተች ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣም።

«ጂኔት፣ አንቺን እኮ ነው።»

«ከቦን ነው የመጣው፣ በባቡር» አለች ጂኔት። «ኢቮን ይባላል። የሙዚየሙ ጥበቃ ነው።»

አርሴን ቀና ብሎ አየው። ያለ ሰማያዊ የደንብ ልብሱ ስለመጣ ነው እንጂ ገና ከበር ሲገባ ያውቀው ነበር።

«ማን ጠራው?»

«እሷ ናት። አድራሻውን በፋሲካ ሰሞን ነው የሰጠችኝ። ‹አርሴን ይቆጣል፤ አንቺ ግን ጥሪው› አለችኝ። የሟች ቃል ነው፣ ምን ላድርግ? ይልቅ ቡና ስጠው፣ በርዶታል።»

«እጅ አለው አይደል? ራሱ ይቅዳ።»

አርሴንና ሉሴት በሰሜን ፈረንሳይ ካምብሬ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሠላሳ ስድስት ዓመት ልኳንዳ ቤት ነበራቸው። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሸጣለች። ሱቁን ለወንድሙ ልጅ ካስረከቡ በኋላ ግን በየዓመቱ ወይን በሚለቀምበት ወር መኪናቸውን አስነስተው በወይኗ ወደታወቀችው ከተማ ወደ ቦን ይወርዱና አንድ ሳምንት ይዝናኑ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት አላቋረጡም። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አርሴን ነው። ጠዋት ገበያ ወጥተው አይብ ይቀምሳሉ። ምሳ በቀይ ወይን የተቀቀለ እንቁላል ነው፣ አለበለዚያ ሲንተከተክ ያደረ የበሬ ሥጋ። እራት ላይ ቀንድ አውጣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ይቀርባል፤ ወይኑን አርሴን ራሱ ይመርጣል፣ ቀምሶም አስተናጋጁን ትንሽ ካላስጨነቀ አይስማማም። ሉሴት ለራሷ የጠየቀችው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ሙዚየም ትገባለች። አርሴን ሥዕል እግር ያደክማል ባይ ስለሆነ ከፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ነጭ ወይኑን ይዞ በሩን እያየ ይጠብቃታል።

ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ ነበር የምትወጣው። አርሴንም ይህን ባየ ቁጥር የምሳው ወይን አሁን ገና ሠራላት እያለ በምርጫው ይኮራ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ድንገት ዝናብ ጣለ። አርሴን እንዳትበሰብስበት ብሎ ጃንጥላ ይዞ ሄደ። በመስታወቱ በር ሲያይ ሉሴት አፏን በእጇ ይዛ፣ ወገቧ እስኪታጠፍ ትስቃለች። አጠገቧ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው አብሯት ይስቃል። አርሴን ሚስቱ ስትስቅ ስንት ጊዜ አይቷል፤ እንደዚህ ስትስቅ ግን አላየም። ጃንጥላውን ሳይዘረጋ በዝናብ እየተደበደበ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

እራት ላይ ሉሴት ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ዛሬ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ምን እንዳየሁ ታውቃለህ?» ብላ ጀመረች።

«ስለ ሥዕል ወሬ አታምጪብኝ» አላት። «ቀንድ አውጣው ይቀዘቅዛል።»

ሉሴት ሹካዋን መልሳ አነሳች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙዚየሙ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። አርሴንም ጠይቋት አያውቅም። በየዓመቱ ሌላ ከተማ እንሂድ ሊላት ያስብና ለምን ያለችው እንደሆነ የሚመልሰው ስላልነበረው ይተወዋል። ለሰባት ዓመት በሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያንን ሳቅ ሲያብላላ ኖረ።

አሁን ያ ሰው ቤቱ ገብቶ ያለቅስባታል። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶችም ወሬውን ሰምተዋል።

«ባለ ሙዚየሙ ነው አሉ።»

«ሉሴት ደግሞ ሙዚየም ምን ትሠራለች?»

«ሙሴ አርሴን የሚጠጣውን ሲጠጣ እሷ ምን ታድርግ? እንግዲህ…»

አርሴን ሲገባ ሁሉም ስኒ ማጠብ ያዙ። ሰው ያውራ፣ ለእሱ ግድ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የፈለገው፤ ያቺ ሴት የእሱ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ነገ ጠዋት ትቀበራለች፣ ይህ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባቡሩን ይሳፈራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ የለም። ወጣና ኢቮንን በጣቱ ጠቀሰው፤ ድሮ ሥጋ ይቆርጥባት ወደነበረችው ጓዳ ይዞት ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ይቀመጡ» አለው።

«መቆም ይሻለኛል። ሥራዬም እሱው ነው።»

«ሚስቴን ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

«ማዳም ሉሴት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

አርሴን የሥጋ መቁረጫውን ጠረጴዛ ተደገፈ። «አንድ ቀን ዝናብ ነበር። ስትስቅ አይቻታለሁ። ምንድነው እንደዚያ ያሳቃት?»

ኢቮን ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም። «አንድ የልኳንዳ ቤት ሥዕል አለን፤ በግ ታርዶ ተሰቅሎ የሚያሳይ። ሰዓሊው በፊት እግሮቹ ነው የሰቀለው። ማዳም ሉሴት ስታየው፣ ‹ይሄ ሰውዬ ብልት ቀርቶ በግ የሚሰቀልበትን አያውቅም፤ አርሴን ቢያየው ከነሸራው አውርዶ በኋላ እግሩ ይሰቅልለታል፣ ሰዓሊውንም አብሮ› አለች። እኔ ያንን ሥዕል ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ስህተቱን ግን አላየሁም። እሱ ነው ያሳቀን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጀመሪያ የምትሄደው እሱ ጋ ነው። ‹ዛሬም አላስተካከላችሁትም?› ትለኛለች።»

አርሴን ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ከአፉ ሳይወጣ ግን ንዴት ሆነበት። ቀልዱ የእሱ ነው። ስለ እሱ የተቀለደ፣ በእሱ ሙያ የተቀለደ፣ አንድ ወር ሙሉ ሊያስቀው የሚችል ቀልድ ነው፤ እሱ ደጅ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሳቀበት።

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«ልትነግርዎት ነበር። ማታውኑ ልነግረው ነው ብላኝ ነው የወጣችው። በማግስቱ ስጠይቃት ግን ‹አይ፣ ሥዕል አይወድም› አለችኝ።»

አርሴን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ እየፋቀ፣ «ይወዷት ነበር?» አለ።

«አዎ። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። አይቆጡኝ፣ ሙሴ አርሴን። እኔ በዓመት ሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ነው ያየኋት፤ ሌላውን ሁሉ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሆን ብዬ በዚያ ምግብ ቤት በኩል አልፋለሁ። በመስኮቱ አያችኋለሁ፣ ስትበሉ። ቤቴ ሄጄ እኔም እበላለሁ፣ ግን አይጥመኝም።»

የሚገርመው፣ ይህን ሲሰማ አርሴን ትንሽ ቀለል አለው። ኢቮን እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ተጨባብጠው ይወጡ ነበር።

«ባለፈው መስከረም ደግሞ ስለ ሕመሟ ስትነግረኝ…»

«መቼ?»

ኢቮን ደነገጠ። ባርኔጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«መቼ ነው የነገረችዎት? ለእኔ በኅዳር መጨረሻ ነው የነገረችኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ኢቮን ቀስ ብሎ። «ሐኪሙ ከመምጣታችሁ በፊት ነግሯት ነበር። ለባልዎ ይንገሩት አልኳት። ‹ይችን ሳምንት ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጠብቃት፤ አሁን ይብላ፣ አገራችን ስንገባ እነግረዋለሁ› አለችኝ።»

አርሴን ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ያችን ሳምንት በደንብ ያስታውሳታል፤ ምክንያቱም እንደዚያ ጠግቦ የበላበት ሳምንት አልነበረም። ሉሴት ሁለት ጊዜ ትጎርስና ሳህኗን ወደ እሱ ትገፋዋለች። «አንተ ጨርስልኝ፣ እኔ ጠግቤያለሁ።» እንቁላሏን በላላት። ቀንድ አውጣዎቿን አንድ በአንድ እየመነገለ በላላት። መረቋን በዳቦ ጠርጎ ሳህኑን አጸዳላት፤ አስተናጋጁንም ጠርቶ፣ «አየህ፣ የእኔ ሚስት ከአፏ ነጥላ ነው የምታበላኝ» ብሎ ፎከረበት። ሉሴት ፈገግ ብላ ውሃ ትጠጣ ነበር።

«ሁሉንም በላሁባት» አለ። «ታማ ነበር፤ እኔ ከሳህኗ እበላ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ኢቮን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እጁን ግን አልጫነበትም።

«ለእርስዎ ነገረችዎት» አለ አርሴን ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «እኔ ባሏ ሆኜ ከበር ውጭ ነበርኩ።»

«ለእኔ መናገር ቀላል ስለሆነ ነው። እኔ ባዝን የሚበላሽባት ነገር አልነበረም።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ቃል አርሴንን አላጽናናውም። ሌሊቱን አርፎ ተነስቶ ጥቁር ልብሱን ሲለብስም ቅናቱ እንዳለ ነበር። ሚስቱ ፍርሃቷን የተነፈሰችው ለሌላ ሰው ነው፤ ይህን የሚሽር ምንም ማብራሪያ አልተገኘም። ሆኖም የመቃብሩን መንገድ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከኋላ የሚመጣውን ሰው አየ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያንን ሳቋን የሰሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ የሰማው በመስታወት በኩል ነው።

ሳጥኑ ከወረደ በኋላ ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው የጸበሉን መርጫ ለአርሴን ሰጡት። ሥርዓቱን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ባል ይረጫል፣ ቀጥሎ የእናት ልጅ፣ ከዚያ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መጨረሻ ላይ የሩቅ ሰው። አርሴን ሦስት ጊዜ ረጨ። ጂኔት ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጇን ዘረጋች።

አርሴን በአጠገቧ አለፈ። ጭቃውን እየረገጠ፣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት፣ ከሁሉም ኋላ ከግንቡ ሥር ወደቆመው ሰው ሄደ። ወጥ ቤት ሲያሙ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ጂኔት እጇን ቀስ ብላ መለሰች።

«እንካ» አለው። አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ኢቮን መርጫውን ያዘ። አርሴን ግን አልለቀቀለትም። ሁለቱም አንድ እጀታ ይዘው፣ ጸበሉ በጣቶቻቸው መካከል እየተንጠባጠበ፣ ቄሱ ጉሮሯቸውን እስኪጠራርጉ ድረስ ቆሙ። ከዚያ አርሴን ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ።