ሞተሩ የሚነሳባቸው እሁዶች

እኛ ብሎክ ውስጥ ውሃ አንደኛ ፎቅ ድረስ በራሱ ይወጣል። ከዛ በላይ ለመውጣት ሞተር ይፈልጋል። ሞተሩ ደግሞ ጋሽ ፍሬምናጦስን ይፈልጋል፣ የሞተር ቤቱ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነዋ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። የሚኖሩት ግራውንድ ላይ ስለሆነ ውሃ ጠፍቶባቸው አያውቅም። "ጋሼ፣ ሞተሩን ለምን በየቀኑ አያስነሱትም?" ስትሏቸው "ይቃጠላል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አንድም ቀን ተቃጥሎ አያውቅም።

እኔና እናቴ ኮከቤ አራተኛ ፎቅ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከጎናችን እትዬ ሸምሲያ አለች። ፍርድ ቤቱ በር አካባቢ ዣንጥላ ዘርግታ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። እናቷ እማማ ቀመሪያ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። በየቀኑ ካልታጠቡ ጀርባቸው ይቆስላል። እትዬ ሸምሲያ ደግሞ ወገቧ ከሁለት ጀሪካን በላይ እምቢ ብሏል። እኔም አንዳንዴ እሸከምላታለሁ። አንዳንዴ ማለት እናቴ ስታየኝ።

በቃ፣ ለሊቀመንበርነት የተወዳደረችው ለዚህ ነው።

"ሥልጣን አምሮኝ እንዳይመስልህ ቤካ" አለችኝ። "እናቴን ማጠብ ነው ያማረኝ።"

መጀመሪያ የተቸገርነው በመምረጥ መብት ነበር። ድሮ የሚመርጠው የቤት ባለቤት ብቻ ነበር። ከላይ ያለነው ደግሞ አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። ባለቤቶቹን የምናውቃቸው በስልክ ነው፣ ኪራይ ሲጨምሩ። እትዬ ሸምሲያ ስብሰባ ላይ ተነሳችና "ደረጃውን ውሃ ተሸክሞ የሚወጣው ማነው? ተከራዩ አይደል? እንግዲህ የተሸከመ ይምረጥ!" አለች። ጋሽ ፍሬምናጦስ ይጮኻሉ ብለን ስንጠብቅ ፈገግ አሉ።

"ይምረጥ እንጂ፣ ማን ከለከለ? ዴሞክራሲ አይደል እንዴ?"

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እኚህ ሰውዬ አሟቸዋል መሰለኝ" አለች።

በዛው ጸደቀ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃ የሚያገኘው ከታች ሁለት ፎቅ፣ የማያገኘው ከላይ ሦስት ፎቅ። አለቀ አልን።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ከወረዳ ሶረቲ የምትባል ታዛቢ መጥታ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣት። ደንቡን አነበበች፤ ምርጫው እጅ በማውጣት ነው፣ ከአንድ ቤት አንድ እጅ፣ የሚቆጠረው ግቢው ውስጥ የተገኘ ሰው ብቻ።

"ጥያቄ አለ?"

የለም። ጋሽ ፍሬምናጦስ "አንዴ ይቅርታ፣ ሽንት ቤት" ብለው ሄዱ።

ሲመለሱ ከኋላቸው ዝዝዝ የሚል ነገር ተሰማ። ቀጥሎ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አጓራ። ማንም "ውሃ መጣ" አላለም፣ ማለትም አያስፈልግም። ሶረቲ ወረቀቷን ገልብጣ ቀና ስትል ከላይ ፎቅ የወረደው ሰው የለም።

"ሰዎቹ የት ሄዱ?"

"ውሃ መጣ" አልኳት።

"እና?"

እኛ ሰፈር እንደማትኖር የዛኔ ገባኝ።

ደረጃው ላይ አንደኛ የወጣችው እናቴ ናት። "እማ፣ ድምፅሽስ?" ብዬ ጮህኩ። "እኔ በልቤ መርጫለሁ!" አለችኝ ሳትዞር።

እትዬ ሸምሲያ እጇን አውጥታ ቀረች። ዓይኗ ግን አራተኛ ፎቅ ነው። እማማ ቀመሪያ በመስኮት "ሸምስዬ! ውሃው!" እያሉ ይጣራሉ። እኔም ስለ ቤታችን እጄን አወጣሁ። አጠገቤ የሁለተኛ ፎቁ ነስረዲን ነበር። እሱ ያወጣው ግማሽ ነው፣ ጋሽ ፍሬምናጦስ ካዩት ራሴን እያከክሁ ነበር ለማለት እንዲመቸው። ግማሽ እጅ አይቆጠርም።

ጋሽ ፍሬምናጦስ በከፍተኛ ድምፅ ተመረጡ። "ሕዝቡ ነው የመረጠኝ" አሉ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ። እንዳይቃጠል።

እትዬ ሸምሲያ ግን ውሃው ሳይቆም ሮጣ ደርሳበት ነበር። እናቷን አገላብጣ አጥባ አንሶላ ስትቀይር እያለቀሰች ነው። እኔ ጀሪካን ሳስገባላቸው እማማ ቀመሪያ "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" ይሏታል።

"ተሸነፍኩ እማ።"

"ታዲያ ውሃው መጣ አይደል?"

ማመልከቻ ሥራዋ አይደል፣ በነጋታው ጽፋ ወረዳ አስገባች። "ስብሰባው ስላልተረጋጋ ይደገም" ተባለ።

ለሁለተኛው እሁድ እናቴ ዘዴ አመጣች። "ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ በርሜል ደቅነን እንውረድ። ውሃው ራሱ ይሙላ፣ እኛ እንምረጥ።" አራዳ እናት አለችኝ ብዬ ኮራሁ። ሁሉም እንዳለችው አደረገ። ጋሽ ፍሬምናጦስ ሽንት ቤት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቧንቧው አጓራ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም።

ጋሽ ፍሬምናጦስ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዛ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ከምርጫው በፊት የኮሚቴውን የሥራ ሪፖርት ላቅርብ።"

አቀረቡ። በጣም አቀረቡ። ሪፖርቱ የቆሻሻ አነሳስ ላይ ሲደርስ ውሃው ደረጃ በደረጃ ወደ ግቢው ወረደ። በርሜል ሲሞላ ቧንቧው ራሱን እንደማይዘጋ ማናችንም አላሰብንም። "ምንጣፌን!" ብላ እናቴ ተነሳች። ሌላውም የየራሱን ዕቃ ስም እየጠራ ተከተላት። እትዬ ሸምሲያም እናቷ አልጋ ሥር ውሃ እንዳይገባ ሮጠች፣ ለራሷ እንኳን ድምፅ አልሰጠችም።

ማታ እማማ ቀመሪያ ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው፣ ፊታቸው አብርቶ አገኘኋቸው።

"ዛሬም ተሸነፈች አሉ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

እሳቸው ብቻ መሰሏችሁ? ፎቁ በሙሉ ለምዶታል። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ጀሪካኑን አስቀምጦ "ቤካ፣ ምርጫው መቼ ነው የሚደገመው?" ይለኛል። እትዬ ሸምሲያ ይሄን ሰማች። ከዛ ሌላ ማመልከቻ ጻፈች።

ሦስተኛው እሁድ ቧንቧ ሁሉ ተዘጋ፣ እናቴም ላትነሳ በልደታ ማርያም ማለች። ጋሽ ፍሬምናጦስ ሽንት ቤት ሄዱ። ተመለሱ። ዝም። ትንሽ ቆይተው እንደገና ሄዱ። አሁንም ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ ሶረቲ አሳዘኗት።

"ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?"

"መብራት የለም" አሉ ቀስ ብለው።

"እጅ ለማውጣት መብራት ምን ያደርጋል?" አለችና መቁጠር ጀመረች።

ሦስቱም ፎቅ እጁን አወጣ። ነስረዲን እንኳን ክንዱን ቀጥ አድርጎ አወጣ። እትዬ ሸምሲያ አሸነፈች። ጋሽ ፍሬምናጦስ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

"በይ ልጄ። እንዳይቃጠል።"

ሶረቲ ፈርማ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እትዬ ሸምሲያ ግን ንግግር ምናምን ሳትል በቀጥታ ወደ ሞተር ቤቱ፣ ወደ ማብሪያው። ተጫነችው። ምንም። ደግማ ተጫነችው። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል፣ ጋሽ ፍሬምናጦስን በሚያይበት ዓይን ነው የሚያያት።

"ይኸው ጀመረች" አለች እናቴ።

እትዬ ሸምሲያ ባዶ ጀሪካኖቿን ልታመጣ ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። እማማ ቀመሪያ ፎጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እየጠበቁ ነው።

"ተሸነፍሽ?"

"አሸነፍኩ እማ።"

"ውሃውስ?"

"መብራት ጠፍቷል።"

እማማ ቀመሪያ ፎጣውን አጥፈው ትራሱ አጠገብ አስቀመጡት። "ሸምስዬ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፣ ክፉ አልመክርሽም" አሉ። "ብትሸነፊ ይሻልሽ ነበር።"

ወረድን። በጋሽ ፍሬምናጦስ ቤት በር ላይ ያለው ቧንቧ ጋ የጀሪካን ሰልፍ ተሠርቷል። እሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

"ለሊቀመንበር ወረፋ የለም፣ እለፊ" አሏት።

"አይ ጋሼ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ተራዋ ሊደርስ ሲል ከታች ያለው ሱቅ ቴሌቪዥኑ ጮኸ። መብራት! ጀሪካኗን እግሬ ሥር ጥላ ሮጠች። ዝዝዝ። ቧንቧው አጓራ። ሰልፉ የት እንደገባ አላየሁም። አንደኛ እናቴ፣ ሁለተኛ ራሷ ሊቀመንበሯ፣ የቀረው ከኋላቸው። ወዲያው ከአራተኛ ፎቅ የእማማ ቀመሪያ ድምፅ ተሰማ፣ "ቀዝቅዟል፣ ትንሽ አሙቂው እንጂ!" እያሉ።

እኔ ጀሪካኗን ይዤ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ጋሽ ፍሬምናጦስም አሉ። ግቢውን ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። የቀረው የግራውንድና የአንደኛ ፎቅ ሰው ብቻ ነው። የሞተር ቤቱ ቁልፍ እንደተሰካ በሩ ላይ ይወዛወዛል።

"ቤካ" አሉኝ።

"አቤት ጋሼ።"

"ያቺ ታዛቢ ታክሲ ይዛለች እንዴ?"