አፉታ በሳፍራንቦሉ

ነዚሄ ከአንካራ ወደ ሳፍራንቦሉ በሚሄደው የጉብኝት አውቶቡስ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ረግታ መቀመጥ አልቻለችም። ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስታ እግሯ ስር ታስቀምጣለች፣ ወዲያው መልሳ ታነሳዋለች። መጋረጃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ፐሪሃን የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ በመጨረሻ አላስችል አላት።

«እህቴ፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?»

«መንገድ ያቁነጠንጠኛል» አለች ነዚሄ።

ውሸቷን ነው። ያቁነጠነጣት ባለፈው ሳምንት የተደወለላት ስልክ ነበር። የደወለችው ሳፍራንቦሉ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሰአዴት ናት። ሁለቱ እናታቸው ከሞተች ወዲህ፣ ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው፣ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሰአዴት ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ነዚሄ፣ የሐጅ ዕጣ ወጣልኝ፤ አፉ በዪኝ» አለች። ነዚሄም ሳትመልስ ስልኩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችባት።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያስቀየመውንም ያላስቀየመውንም እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው ማንም አያነሳውም። ነዚሄ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ስልኩን ከዘጋች ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጠዋት ጠዋት «ይበላት! ሐቄን ተሸክማ ካዕባን ትዙር!» ትላለች። ማታ ሲሆን ደግሞ «እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ይህን ዕጣ ስትጠብቅ አረጀች እኮ» እያለች አልጋዋ ላይ ትገላበጣለች።

በሩን አንኳኩታ እንዳትገባ ኩራቷን የት ታድርገው! ሦስት ቀን ስትብሰለሰል ከርማ አንድ ዘዴ መጣላት። የጉብኝት ትኬት ገዛች። ሰአዴት «መጣሽልኝ?» ካለቻት «ለአንቺ አልመጣሁም፤ አውቶቡሱ ነው ያመጣኝ» ልትል ነው። ተወልዳ ያደገችበትን ከተማ እንደ እንግዳ በአስጎብኚ ልትጎበኝ፣ አንገቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ባጅ አንጠልጥላ ሄደች። እልህ የማያሠራው ነገር የለም።

መንገድ ላይ ካለችው ከገረዴ ከተማ ሲደርሱ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ያኔ በረዶ መንገዱን የዘጋባት እዚህ ነበር። እናቷ መሞቷን ሰምታ ስትከንፍ፣ በቆመው መኪና ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ለሰአዴት ደውላ «አብላ፣ እስከ ተሲያት ሶላት ብቻ ጠብቁኝ፣ እደርሳለሁ» ብላ ለመነቻት። ሰአዴት አልጠበቀችም። ከቀትር ሶላት በኋላ አስቀበረቻት። ነዚሄ ስትደርስ የጠበቃት ትኩስ አፈር ነው። የእናቷን ፊት ሳታይ ቀረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰአዴትን እንደ ታላቅ እህት አብላ ብላ ጠርታት አታውቅም።

አስጎብኚው ቶልጋ ይባላል። እንጨት ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ አስሮ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ቡድኑን በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ነዳው። ከሸለቆው ግራና ቀኝ ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደራርበው ዳገቱን ይዘውታል። ከላይ፣ ከሾላው ዛፍ አጠገብ፣ ሰአዴት የምትኖርበት የአባታቸው ቤት ጣሪያ ይታያል። ነዚሄ ጥቁር መነጽሯን አጥልቃ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ ዓይኗን ከዚያ ጣሪያ ላይ መንቀል አቃታት።

ቶልጋ ፓሻ ይባል በነበረ የድሮ ሹም ትልቅ ቤት ውስጥ በግድግዳው መካከል የሚሽከረከር ቁም ሳጥን አሳያቸው። «ሴቶቹ ምግቡን በዚህ በኩል ያስቀምጡና ያዞሩታል፤ ወንዶቹ በዚያ በኩል ያነሳሉ። እጅ እንጂ ፊት አይታይም!»

«ለባሌ ይህን ባገኝለት ኖሮ ባልተፋታን ነበር» አለች ፐሪሃን፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ነዚሄ አልሳቀችም። «ልጄ፣ ነፃ ጊዜ የሚባለው መቼ ነው?»

«አክስቴ፣ ገና መግባታችን እኮ ነው! ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ።»

ምሳው ተንዛዛ። ቀጥሎ ቶልጋ ሎኩም የሚባለውን ጣፋጭ ወደሚሸጥ ሱቅ አስገባቸው። ከባለሱቁ ጋር ምን እንዳፋቀራቸው አላህ ይወቅ፣ የሳፍሮኑን ቅመሱ፣ የለውዙን ቅመሱ ሲባል ከነፃው ሰዓት ግማሹ እዚያው ተበላ። ነዚሄ አንዱን እግሯን ስታነሳ አንዱን ስትጥል ቆይታ «ልጄ፣ እኔ ስኳር አለብኝ» ብላ ውልቅ አለች። ስኳር የለባትም።

ዳገቱን እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። የጫማ ሰሪዎቹን መንደር አልፋ ስትታጠፍ ከኋላዋ ትንፋሽ ሰማች። ዞር ብትል ፐሪሃን! ከኋላዋ ደግሞ አምስት ስድስት የቡድኑ ሰዎች ተከትለዋል።

«እንዲህ የምትከንፊው ጥሩ ቦታ ብታውቂ ነው፤ ብቻሽን ልትጎበኚ ነዋ!» አለች ፐሪሃን እያለከለከች።

«ተመለሱ፣ ምንም የለም ላይ!»

«ምንም የሌለበት ቦታ ሰው እንዲህ ይሮጣል?»

የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጁ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ ከውስጥ የቁርኣን ድምፅና የሳህን ኳኳታ ይሰማል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ቤት ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበት መጥቷል። ፐሪሃን ግን የተከፈተውን በርና የሰዉን ብዛት አይታ ሌላ ሙዚየም መሰላት። በር ላይ ሸርበት የሚባለውን ጣፋጭ መጠጥ የምታድለዋን ሴት «መግቢያው ስንት ነው?» አለቻት።

ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የሐጅ ተጓዥ ቤት ምን መግቢያ አለው! ግቡ፣ ግቡ፣ ሩዝም አለ።»

ነዚሄ መመለስ ፈለገች። ግን ከኋላዋ የጎብኚው መዓት ገፍቶ አስገባት፤ የአባቷን ቤት ደፍ ከነባጇ ተሻገረች።

ሰአዴት መሃል አዳራሽ ቆማለች። ነጭ ለብሳለች። አንሳለች፤ ትከሻዋ ወርዷል፤ አንገቷ ከሻሹ ውስጥ የሕፃን አንገት አህሏል። ነዚሄ ያን ሁሉ ዓመት በልቧ ስትጨቃጨቃት የኖረችው ያችን ቀጥ ያለች፣ አዛዥ ሴት ነበር። ይህችን አሮጊት ከየት አመጧት? አሳዘነቻት፤ በማዘኗም በራሷ ተናደደች።

ሰአዴት እንግዶቹን ስታይ ማን ናችሁ አላለችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች «አፉ በሉኝ» ትላለች።

«አፉ ብያለሁ!» ይላል አንዱ። «አፉ ብለናል፣ ዱዓ አድርጊልን!» ይላል ሌላው።

«እኔማ ዛሬ ገና ማየቴ ነው፣ ምን ሐቅ ይኖረኛል እህቴ?» አለች ፐሪሃን። «ለማንኛውም አፉ ብያለሁ፤ ወደፊት ብታስቀይሚኝም ጭምር!»

ቤቱ ሳቀ። እንዲህ ቀላል ነበር፤ ምንም ላልበደለቻቸው ሰዎች እንደ ጤና ይስጥልኝ የሚወረወር ቃል። ተራው ነዚሄ ጋ ደረሰ። ሰአዴት ጥቁሩን መነጽር አየች፣ ባጁን አየች፣ ቆመች።

«አፉ በዪኝ» አለች ዝግ ብላ።

ሰው ሁሉ ያያል። ፐሪሃን በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ «በዪያት እንጂ፣ ምን ይጎዳሻል?» ነዚሄ በመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አፉ ብያለሁ» አለች በጥድፊያ፣ ትኩስ ነገር ከአፏ እንደምታስወጣ።

ከጥግ አንዲት ጎረቤት «ነዚሄ አይደለችም እንዴ? ነዚሄ ናት!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ አልሐምዱሊላህ እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ሰአዴት ግን ደስ ያላት አትመስልም። የነዚሄን ክንድ ይዛ እየጎተተች ወደ ጓዳ አስገባቻት፣ በሩንም ዘጋች።

«ይህን አልወስድም» አለቻት። «ምን እንደሰጠሽኝ አታውቂም።»

«ምኑን ነው የማላውቀው? አልጠበቅሽኝም። አስቀበርሻት። እሱን ነው የተውኩልሽ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያልጠበቅኩሽ ፊቷን እንዳታዪ ነው።»

ነዚሄ መነጽሯን አወለቀች።

«ልቧ ቀጥ አለ ብዬሽ ነበር። አይደለም።» ሰአዴት የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «የጎረቤት ልጅ የሠርግ ዋዜማ፣ የሂና ምሽት ነበር። ተኝታለች ብዬ ጥያት ወጣሁ። ዘፈኑ ሞቀልኝ፤ ቆየሁ። ስመጣ ከደረጃው ስር ወድቃ አገኘኋት። ውሃ ልትቀዳ ነው መሰለኝ። የፊቷን ቁስል ከሰው አልደበቅኩም፣ ገናዦቹ አይተዋል። አንቺ ብቻ እንዳታዪ ፈለግኩ። ብታዪ… እህት አይኖረኝም ብዬ ነበር። ይኸው፣ ሳታዪም አልኖረኝም።»

ከውጭ ስቀው ያወራሉ። ነዚሄ መጣች፣ ሄደች፤ ጓዳው ሦስት እርምጃ አይሞላም። ማሰሮ ከደነች፣ ከፈተች። ቁጣዋ ያን ሁሉ ዓመት የተኛበት ቦታ ድንገት ባዶ ሆኖ፣ ሌላ የከፋ ነገር መጥቶ ተቀመጠበት።

«የቱ ጋ ነበር?»

«ምኑ?»

«ፊቷ። የቱ ጋ ነበር የተጎዳው?»

ሰአዴት ግራ ጉንጯን በጣቷ ነካች። «እዚህ ጋ።»

ነዚሄ ጎንበስ ብላ መዳፏን እዚያው ላይ አኖረች፤ ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም። የሰአዴት እንባ በጣቶቿ መካከል ወረደ። የቱ የእናቷ የቱ የእህቷ ጉንጭ እንደሆነ ለመለየት አልፈለገችም። አዘነች፤ ደግሞም በጣም ተናዳ ነበር።

«ስሚ» አለቻት። «ስለ ቀብሩ አፉ ብያለሁ፤ ሰው ሰምቷል፣ አልመልሰውም። ስለዚህኛው ግን አልልም። ዛሬ ከአፌ አይወጣም። ሄደሽ ስትመለሺ ጠይቂኝ።»

«እዚያ ብሞትስ? ስንቱ ሽማግሌ ነው እዚያ የሚቀረው።»

«አትሞቺም! የእኔን ሐቅ ተሸክመሽ መሞት አትችይም። መመለስ አለብሽ።»

ሰአዴት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «ድሮም ክፉ ነሽ።»

«ካንቺ ነው የተማርኩት፣ አብላ።»

ስልኳ ጮኸ። ቶልጋ ነው። «አክስቴ፣ ሰው ሁሉ ገብቷል፣ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው!»

«አትጠብቁኝ ልጄ፣ ሂዱ» አለችና ዘጋች። ባጇን ከአንገቷ አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የተቆለለውን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሁለት ሰበረች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተጓዦቹን የሚወስደው አውቶቡስ መስጊዱ ጋ ቆመ። ሴቶቹ ውሃ ይዘው ወጡ፤ የሄደ ሰው እንደ ውሃ ሳይደናቀፍ ሄዶ እንዲመለስ ከኋላው ይደፋል። አንዷ በብርጭቆ፣ አንዷ በጣሳ ይዛለች። ሰአዴት በመስኮት እጇን አውለበለበች፤ አውቶቡሱ ተነቃነቀ።

ነዚሄ የያዘችው ባልዲ ነበር። በሁለት እጇ አንስታ ከአውቶቡሱ ኋላ መንገዱ ላይ ቸለሰችው፤ ውሃው ቁልቁል ድንጋዩን እያጠበ ወረደ፤ የጎረቤት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሸሹ።

«ኧረ በአላህ፣ አጥለቀለቅሽን እኮ! ለዚህ አንድ ብርጭቆ ይበቃል!»

«አይበቃም» አለች ነዚሄ፤ አውቶቡሱ ከመታጠፉ በፊት ሌላ ልትሞላ ባዶውን ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች።