የፋይኔሲ ጡቦች

«ይጥፋ አልኩ እኮ!» አለ ዛካሪያ ከደጅ። «የወንድሜ ሬሳ ሆስፒታል ተኝቶ የጡብ እቶን የሚቆሰቁስ ማነው? ሰው ሲሞት በዚህ መንደር ዶማ እንኳ አይነሳም። ይጥፋ!»

ኤኔሌሲ ከውስጥ ሰማችው። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሰሌን ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ራሷን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነውላታል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ የአንዷ ትከሻ ሲነቃነቅ የሁሉም ይነቃነቃል። ባል የሞተባት ሴት ቀብር እስኪፈጸም ከዚያ ሰሌን የምትነሳው ለሽንት ብቻ ነው፤ ያውም ታጅባ።

በትንሿ መስኮት በኩል ከወንዙ ዳር የሚወጣው ጭስ ይታያታል። ጠዋት ወፍራም ነበር፤ አሁን ቀጥኗል። ባሏ ስታንዌል እቶኑን ማክሰኞ ለኩሶ፣ ትናንት ረፋድ ላይ ግንድ ወደ አፉ ሲገፋ በጉልበቱ ወደቀ። በጎረቤት ጭነት መኪና ሆስፒታል አደረሱት፤ ሲመሽ አረፈ። ቀብሩ ልጃቸው ከጆሃንስበርግ እስኪደርስ ቅዳሜን ይጠብቃል። እቶኑን ሲያግዙት የነበሩት ሰዎች ደግሞ መርዶውን ሲሰሙ እንጨቱን ጥለው መጡ።

«ነፍሱን ይማረውና» አለች አንዷ ሴት በሹክሹክታ፣ «ስብከት ሲጀመር እንቅልፍ ይዞት ይሄድ ነበር።»

«እስኪጀመርማ መች ይጠብቃል? ፓስተሩ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ነው እንጂ።»

ሳቁ ከጨርቅ ስር ወደ ጨርቅ ስር ተላለፈ። ኤኔሌሲ አልተቀየመችም። እውነት ነው፤ እቶን ሲጠብቅ ያደረ ሰው እሑድ ጠዋት አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ሽማግሌዎቹ በዚህ ምክንያት ዲያቆን ሳያደርጉት የቀሩ ዕለት ቤት ገብቶ እግሩን ሲታጠብ፣ «አልተናደድክም?» ብላው ነበር።

«ለምን እናደዳለሁ? ተኝቼ አይደል ያገኙኝ።» ውሃውን ደፋና ትንሽ አሰበ። «ጌታ እሑድ ተኝቼ ያየኛል። በሌላው ቀን ደግሞ ነቅቼ ያየኛል። ያቻችለዋል።»

እሳት ከመለኮሱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌታ ሆይ፣ የሚሠራው ቤት ያንተ ነው» ይላል፤ ወዲያው ክብሪት ይጠይቃታል። «ይቺ ጸሎት አልበዛችም?» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ግን ከዚያ አስረዝሞ አያውቅም።

ገና ሙሽራ ሳለች የመጀመሪያውን እቶን አብረው አቃጠሉ። ጭቃውን በእግሯ የረገጠችው እሷ ነበረች፤ ተረከዟ እስኪሰነጠቅ ረግጣለች። ገዢው ባለሱቅ ጡቡን በበሬ ጋሪ ጭኖ መንገድ ከጀመረ በኋላ ስታንዌል ሁለት ጡብ አንስቶ አጋጫቸው። እንደ ብረት መጮህ ሲገባቸው እንደ እንጨት ዱብ አሉ፤ አልበሰሉም። ሮጦ ጋሪውን አስቆመና እያንዳንዱን አራግፎ ደረደረ። ባለሱቁ ራሱ፣ «አሁን ምን ሆነ? እኔ ደህና ነው አልኩህ!» እያለ ይጮህ ነበር። ኤኔሌሲ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። መጥቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጥሬው ጡብ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ከበሰለው አይለይም» አላት። «የሚለየው ዝናብ ሲመታው ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹ ቤቱ ውስጥ ተኝተዋል።»

ሁለተኛ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። በማግስቱ እንደገና ጭቃ ረገጡ።

አሁን በሩ አጠገብ አሮጊቷ ፋይኔሲ ተቀምጣለች። እቶኑ ውስጥ ያለው ጡብ የእሷ ነው። ቤቷ ባለፈው ክረምት በላይዋ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ተርፋ፣ ከዚያ ወዲህ አማቿ ማድ ቤት ነው የምታድረው። ለማገዶ ብላ በደጇ የነበሩትን ሁለት የማንጎ ዛፎች አስቆርጣለች፤ ሌላ የሚቆረጥ ዛፍ የላትም። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጡቡ ትንፍሽ አላለችም። መዝሙሩን ከሁሉ አስበልጣ ትዘምራለች፤ ማንም ያላያት ሲመስላት ወደ መስኮቱ ቀና ትላለች። ከጭሱ ኋላ፣ ከኮረብታው በላይ፣ ደመና እየተጠራቀመ ነው።

«እትዬ ፋይኔሲ» አለች ኤኔሌሲ።

«አቤት ልጄ።»

«ማገዶ ተረፈ?»

«እሱን ተይው ልጄ። አንቺ ባልሽን ቅበሪ።»

«ተረፈ ወይ?»

አሮጊቷ የቀሚሷን ጫፍ ጠቀለለች። «አልቋል። የቀረውን ትናንት ከተቱት።»

ዛሬ የተከተተ ማገዶ ከሰሉ እስከ ነገ ማታ ይቆያል፤ ትናንት የተከተተ ግን ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጠልቃል። ከዚያ ወዲያ ቢያነዱትም ዋጋ የለውም፤ ቀዝቅዞ የሞቀ ጡብ ይሰነጠቃል። ኤኔሌሲ ይህን ስታስብ ከደጅ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ሌላ ለቀስተኛ ከራሱ ላይ ግንድ ማውረዱ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ከየቤቱ አንዳንድ ግንድ ይመጣል፤ ክምሩ ከአጥሩ በልጧል።

ተነሳች።

«ሽንት ነው?» አለች ጎረቤቷ ኤሉቤ፣ ቀሚሷን ይዛ።

«አይደለም።»

ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ወንዶቹ የለቅሶውን እሳት ከበው ተቀምጠዋል፤ የመንደሩ ሹም ከመካከል ወንበር ላይ ናቸው። ኤኔሌሲ ወጥታ በመካከላቸው አለፈች። ሹሙ ፊት ተንበረከከች።

«አብደሻል?» አለ ዛካሪያ ብድግ ብሎ። «ግቢ!»

«አባቴ፣ ይህ እሳት የማነው?» አለች ሹሙን።

«የለቅሶ ነዋ። የባልሽ ነው።»

«የባሌ ከሆነ እሱ የወደቀበት ይንደድ። እቶኑ አፍ ላይ።»

«አያችኋት!» አለ ዛካሪያ። «ሥራ ነው እኮ ይሄ!»

«ሥራ አይደለም አያ። ጡብ የሚነካ የለም። እዚህ እንደተቀመጣችሁ እዚያ ትቀመጣላችሁ። እሳቱ ሲደክም እንጨት ትጨምራላችሁ። ያን እዚህስ ታደርጉት የለ?»

ዛካሪያ እንደገና ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ። «ወንድሙን ሳይቀብር ጡብ ጠበሰ ይሉኛል። እኔ ለእሱ ሌላ ምን አደረግሁለት? ዝም ብዬ ልቀመጥለት ብል፣ ይህቺን እንኳ…»

ኤኔሌሲ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ቀልቷል። ለካ ጭካኔ አልነበረም፤ ለወንድሙ የሚሰጠው ሌላ ነገር አጥቶ ነው።

«አውቃለሁ አያ» አለችው። «አልቀማህም። እዚያም ሆነህ ዝም በልለት።»

ሹሙ ጭሱን አዩ፣ ደመናውን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ወንበሬ ከባድ ነው» አሉ። «የሚይዝልኝ አለ?»

ሰዉ እየተነሳ ከክምሩ አንዳንድ ግንድ ተሸከመ። ዛካሪያ የመጨረሻው ነበር። ማንንም ሳያይ ከሁሉ የወፈረውን ግንድ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ወንዙ ወረደ። ፋይኔሲ በሩ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

ኤኔሌሲ ወደ ሰሌኗ ተመለሰች። የዚያን ዕለትና በማግስቱ መዝሙሩ ከወንዙ ዳር መጣ፤ የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ ሲጀምር ሴቶቹ ከቤት ተቀበሉ። እሷ አልዘመረችም። መስኮቱን ታያለች። ጭሱ ነጭ ሆነ፤ እርጥበቱ ነው። ሰማያዊ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጭሱ ጠፍቶ ከእቶኑ በላይ አየሩ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየች።

«ሂጂና ይበቃል በያቸው» አለቻት ኤሉቤን። «ግለቱ እንዳይወጣ አፎቹን ይምረጉ።»

ትንሽ ቆይቶ ዛካሪያ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው።

«ከአፎቹ አንዱን ሳንመርግ ትተንልሻል» አለ ወደ መሬት እያየ። «ሹሙ ፈቅደዋል።»

ኤሉቤ ክንዷን ይዛ ወደ እቶኑ አወረደቻት። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆመዋል። የተቀመጡበት ምልክት አመዱ ላይ በእቶኑ ዙሪያ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ይቋረጣል። ስታንዌል የወደቀበት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም እዚያ አልተቀመጠም።

ጡቡ መብሰሉ የሚታወቀው እቶኑ ቀዝቅዞ ሲፈርስ ነው። ያን አሁን የምትጠብቀው ያለ ስታንዌል፣ ብቻዋን ነው። ተንበረከከች። ግለቱ ፊቷን ገረፋት። የተሰባበረውን ጡብ በአፉ ደረደረች፤ ጭቃውን በመዳፏ እያነሳች ስንጥቁን ሁሉ ደፈነች፤ ጭስ የሚያሾልክ ቀዳዳ እስኪጠፋ በአውራ ጣቷ አሰሰች፤ አለሰለሰች።

ስትጨርስ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ስታንዌል ሁልጊዜ ምርጊቷን አጎንብሶ ያይበት የነበረውን ያህል ቦታ ለቀቀች፤ ጭቃማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።