አባቴን ያስማልኩ ዕለት

ምላሴ ቀድሞኝ የሚሄድ ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ስትወለድ መጀመሪያ የወጣው ምላሷ ነው» ትል ነበር። ስትለኝ እስቅ ነበር እንጂ አይከፋኝም። ምላስ ሰው ያስቀይማል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር የማስበው።

አባቴ አናጢ ነበር። እናቴ ስትሞት፣ ብቻውን ከሚቀመጥ ብለን እኛ ወደምንኖርበት አገር አመጣነው። የአገሩን ቋንቋ አያውቅም፤ ለመማርም አልሞከረም። «እንጨት የትም አገር እንጨት ነው፤ ሰውም ያው ሰው ነው» ይል ነበር። እንጨቱን እንጃ፣ በሰው በኩል ግን ተሳስቷል።

መጀመሪያ የኖርንበት ሕንፃ ያረጀ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት አልፎታል፣ ጣሪያው ሻጋታ ያወጣል፣ ቧንቧው ሲያሻው ውሃ፣ ሲያሻው ዝገት ይተፋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የነበርነው አምስት ቤተሰቦች ግን በሙሉ ያገር ልጆች ነበርን። ልጅ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሲመሽ፣ የት እንደሚተኛ ሲታይ ነው። ጨው ያለቀበት ሰው በር አያንኳኳም፤ ገብቶ ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያንገሸግሸኝ ነበር። ከባሌ ጋር የተጣላሁ እንደሆነ በማግስቱ ደረጃው ላይ አምስት አስታራቂ ይጠብቀኛል። ባሌን ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚሉት። አውቶቡስ ስለሚነዳ ብቻ አይደለም፤ ገና ንግግር ሲጀምር ስለሚያቆምም ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ለብቻ እንደመጣላት ነው፤ ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያስታርቁኝ?

ከአባቴ ክፍል ግድግዳ ጀርባ ልብስ ሰፊዋ ትኖር ነበር። ባልም ልጅም የላትም፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ስታንቀጠቅጥ ትውላለች። አባቴ በመጣ በሳምንቱ ሁለቱ የግድግዳ ቋንቋ ፈጠሩ። በዚያ በአናጢ ጣቱ አንዴ ከመታ «አለሽ?» ነው፤ እሷም አንዴ ትመታና «አለሁ» ትለዋለች። ሁለቴ ከሆነ «ነይ፣ ቤት ያፈራውን እንቅመስ» ነው። ሦስቴ ግን «ቶሎ ድረሺ» ማለት ነው። የስኳር ሕመም ነበረበትና አንድ ቀን ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ሲል ሦስቴ መታ። ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን ቀሚስ እንደያዘች፣ ክሩ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ ደረሰችለት። እኔ በዚያ ሰዓት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ነበር። ሥራ ስንገባ ስልካችንን ሳጥን ውስጥ ስለሚቆልፉብን፣ ነገሩን የሰማሁት ቤት ስገባ ነው። ያኔ አባቴ ድኖ ከልጄ ጋር ይሳሳቅ ነበር።

ልጄ ታስላለች። ሐኪሙ የሻጋታው ጉዳይ ነው አለን። ሦስት ዓመት ስናመለክት ቆይተን ከከተማው ማዶ፣ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ቤት ደረሰን። ነጭ ግድግዳ፣ የሚሠራ ሊፍት፣ ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት አለው። ለመሄድ የቸኮልኩት ለልጄ ሳል ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሬን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝና ሳያስታርቀኝ መኖር አምሮኝ ነበር።

ዕቃ ስናወርድ ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ አቆመችኝ። «አባባን ቀን ቀን ለማን ነው የምትተዪው?» አለችኝ።

«ግንብ ቤት ነው እኮ፤ ጅብ አይገባበት» አልኳት።

«ጅብማ ቢገባ ይጮኻል፤ ሰው ይሰማል» አለችና ዕቃ ታወርድልኝ ጀመር።

እኛ ከወጣን በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። አንዱ ሥራ ተከትሎ ሄደ፣ አንዱ ልጁን ተከትሎ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ከነዚያ ሁሉ ቤቶች የቀረችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ሆነች።

አዲሱ ቤት በገባን በመጀመሪያው ጠዋት አባቴ የቤታችን ኮሪደር ላይ ያለውን ግድግዳ አንዴ መታ። መልስ የለም። «ተኝተው ይሆናል» አለ። በማግስቱም መታ። በሳምንቱ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ፤ በግድግዳ ድምፅ ምክንያት ጎረቤት ተቸግሯል ይላል። ከግድግዳው ጀርባ የምትኖረው ጡረታ የወጣች፣ ከአንዲት ድመት በቀር ሰው የሌላት ሴት ናት። ለአባቴ አስረዳሁት።

«ድመቷ ደነገጠች ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ድመቷን ይቅርታ በዪልኝ» ብሎ ሳቀ።

ሁለት ሳምንት ያህል ተወው። ከዚያ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ ወይ ብቻውን መዋሉ ጠንቶበት፣ ደግሞ መታ። ሁለተኛው ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው በትሕትና የተጻፈ አልነበረም። ሦስተኛ አቤቱታ ከመጣ የቤቱ ውል እንደገና ይታያል ይላል።

ያን ቀን ከሥራ የገባሁት እግሬ አብጦ፣ እጄን የእንፋሎቱ ማሽን ለብልቦኝ ነበር። ደብዳቤውን በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩትና ቀጥ ብዬ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ።

«ሦስት ዓመት የጠበቅኩትን ቤት በጣትህ ልታፈርሰው ነው? ይቺ ልጅ ተመልሳ ሻጋታ ትተንፍስ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። «እሺ ልጄ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ።

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልከው። ማልልኝ።»

«ልጅ አባቷን ታስምላለች?»

«ማልልኝ አባዬ። በእማዬ ማልልኝ።»

ባሌ ከወጥ ቤት «ኧረ ተይ…» ብሎ ጀመረና እንደልማዱ አቆመ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ «ይህን ግድግዳ ብመታ የእናትሽ አጥንት ይውጋኝ» አለ።

እኛ ቤት በሙት አጥንት ቀልድ የለም። አባቴ ደግሞ እናቴን በሕይወቷም በሞቷም አንድ ቀን እንኳ አሳዝኗት አያውቅም። ስለዚህ ነገሩ ማለቁን አወቅሁ፤ ደስም አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ራት አቅርቤለት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አብረን በላን።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት አባቴ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ትከሻው ያንን ግድግዳ ነክቷል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሱሪው ረጥቧል። ስልኩ ወጥ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። የወደቀው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኛ ሁላችንም ከወጣን በኋላ፣ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ነው።

«መጣሽ?» አለኝ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ። «ልጅቷን ዞር አድርጊያት፣ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ።»

አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ ሲያወጡት ባለድመቷ ጎረቤት በሯን ከፍታ ብቅ አለች። ድመቷን አቅፋለች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወድቆ እንደነበር በቋንቋዋ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቀኑን ሙሉ እቤት ነበርኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ቢመታ ኖሮ መጥቼ አየው ነበር» አለችኝ።

ልጠላት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። አቤት ያለችው እሷ ናት፣ ያስማልኩት ግን እኔ ነኝ።

ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ሐኪሟ ግን የፈራችው ስብራቱን አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛ ወለል ላይ በመቆየቱ ሳንባው ተጎድቷል፤ ኩላሊቱም ደክሟል። «ቶሎ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። ባይነገረኝም ገብቶኛል።

በሦስተኛው ቀን ትንሽ ሲሻለው ወንበሬን አልጋው አጠገብ አስጠጋሁ።

«አባዬ፣ ለምን አልመታህም?»

«አስምለሽኝ የለ?»

ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። ሰዓት የጠየቅኩት ይመስል ነው የመለሰልኝ።

«መጮህስ?»

«እሱስ ያው ድምፅ አይደል? ቤቱን ይቀሙሻል ብዬ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንዴ እጄን አንስቼ ነበር፤ እናትሽ ትዝ ስትለኝ መለስኩት።»

አለቀስኩ። እጁን ይዤ «መሃላውን አንስቼልሃለሁ። ከእንግዲህ የፈለግከውን ምታ፣ ቤቱንም ከፈለግህ አፍርሰው» አልኩት።

«አንቺ ምን ቤት ነሽና ታነሺልኛለሽ?» አለ በቀስታ። «የማልኩት በሷ ነው፤ ከፈታችኝም እሷ ትፍታኝ።» ጥቂት ቆይቶ ስለ ልጄ ሳል ጠየቀኝ። ለቋታል አልኩት፤ እውነትም ለቋት ነበር። «አየሽ፣ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው» አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ለጠየቀኝ ሁሉ «ወድቆ ታመመ» ነው ያልኩት። ወንድሜ ካገር ቤት ደውሎ «ሰው አልነበረም እንዴ?» ሲለኝ «ሥራ ላይ ነበርን» አልኩት። ሁለቱም እውነት ነው። ባሌ እውነቱን ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን እኔን ለመውቀስ እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ምነው አንድ ቀን ጨርሶ በወቀሰኝ እያልኩ እመኛለሁ።

ከቀብሩ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰው ይመጣ ጀመር። መጣ ካልኩት፣ አራት ሰው ነው። አንዱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ሄደ፤ አልፈረድኩበትም። የድሮው ሕንፃ ቢሆን አምስቱም ቤት በሩ ተከፍቶ፣ ደረጃው ሳይቀር ሰው ይቀመጥበት ነበር፤ ለቅሶውም እስከ ምድር ቤት ይሰማ ነበር። እዚህ ዝም ብለን ምንጣፉን እናያለን።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጣች። የሊፍቱ በር ሲከፈት በሬ ላይ ቆሜ አየችኝ። ሁለት እጇን ወደ ራሷ አንስታ «አባባዬ! አባባዬ ወንድሜ!» ብላ ድምጿን ለቀቀችው። የሕንፃው ኮሪደር በሙሉ አስተጋባ። ሮጥኩ። ላቅፋት የሮጥኩ መስሏት እጆቿን ዘረጋችልኝ፤ እኔ ግን አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

«ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ጎረቤት አለ» አልኳት።

ያልኩት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ከመዳፌ በላይ ዓይኖቿ አፈጠጡብኝ። እጄን አነሳሁ፤ ጩኺ፣ እባክሽ ጩኺለት ልላት ፈለግሁ፣ ግን አላልኳትም። እሷ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ ሻርቧን አጥፋ አፏ ውስጥ ከተተችና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እንደ አባቴ እሷም ታዘዘችኝ።